ኦማዥ፦ «ዝክረ ዜማ» ብንለውስ?

አንድ የሙዚቃ ደራሲ ከእሱ በፊት ለነበረ ደራሲ ክብር ብሎ፣ ብዙ ጊዜም የዚያኑ ሰው ዜማ መነሻ አድርጎ የሚሠራው አዲስ ድርሰት በፈረንሳይኛው ስም «ኦማዥ» ይባላል። ለአማርኛ «ዝክረ ዜማ» የሚለውን አቀርባለሁ።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ፐርሰል (1659–1695 እ.ኤ.አ.) በ1682 ገደማ ለስምንት ድምፅ መዘምራን አንድ የልመና መዝሙር ጀመረ። ቃሉ በግዕዙ ዳዊት የ101ኛው፣ በፕሮቴስታንቱ መጽሐፍ ቅዱስ የ102ኛው መዝሙር መክፈቻ ነው። ዛሬ ያለን 34 ሜዠር ብቻ ሲሆን በእጅ ጽሑፉ ላይ ከዚያ ቀጥሎ ባዶ ገጾች አሉ፤ ለዚህም ነው ብዙዎች ሥራው ሳያልቅ ቀረ የሚሉት። ሦስት መቶ ዓመት አልፎ በ1986 ስዊድናዊው ስቬን ዴቪድ ሳንድስትሮም ያንኑ መዝሙር አነሣ። አጀማመሩን እንደ ፐርሰል ተወው። ከዚያ ግን ድምፆቹ እየበዙ፣ እየተጠጋጉና እየተጋጩ ይሄዳሉ፤ ፐርሰል በዘመኑ ሊጽፈው የማይችለው ጩኸት ይሆናሉ። ልመናው ያው ነው፣ ለማኙ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው።

ይህን «ኮቨር» ማለት አይቻልም፤ ኮቨር የሌላውን ዘፈን መልሶ መዝፈን ነው። «መታሰቢያ»ም ሐውልት ሐውልት ይላል። ዝክር ግን የቅዱሱን ስም ጠርቶ መቀመጥ አይደለም፤ ዘካሪው ጠላውን ጠምቆ፣ ዳቦውን ጋግሮ ያቀርባል። በዝክረ ዜማም የሚከበረው የቀድሞው ሰው ሲሆን ድግሱ ግን የአዲሱ ደራሲ የራሱ ልፋት ነው። ቃሉ የኦርቶዶክስ ብቻ ነው የሚል ካለ፣ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል የመንግሥትን ታሪክና ሥርዓት የያዘ መጽሐፋቸውን «ዝክረ ነገር» እንዳሉት ያስታውስ።

ነገሩን ወደ ቡናው አገር፣ ወደ ሚዛን ተፈሪና ወደ ቴፒ የማመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ያሬዳዊው ዜማ ማኅሌተኛው ቢበዛም አንድ መስመር ነው። በደቡብ ግን ድምፅ ከፋፍሎ መዝፈን ባዕድ አይደለም፤ የዶርዜዎቹን የሰማ ያውቀዋል። በቡናው አገር ያሉ የአብያተ ክርስቲያናት ኳየሮችም ሶፕራኖና አልቶ፣ ቴኖርና ባስ ብለው ይለያሉ፤ በአማርኛም፣ በካፊኖኖም፣ በሸክኖኖም፣ በቤንችኖንም ይዘመራል። የአንድ አንጋፋ ዘማሪን ዜማ ወስዶ ለአራት ድምፅ ማስፋት ለእነሱ ሩቅ አይመስለኝም።

ሆኖም አሮጌ መዝሙር በኪቦርድ ማጀብ ብቻውን ዝክረ ዜማ አያሰኝም። የቀድሞው ሰው ዜማ መሰማት አለበት፣ አዲሱም ሰው የራሱን መጨመር አለበት። የኳየር መሪዎች ሆይ፣ ይህን ስትሞክሩ የዜማውን የመጀመሪያ ባለቤት ስም በመርሐ ግብሩ ወረቀት ላይ ከእናንተ ስም በላይ ጻፉት።