የሊቀ መኳስ ዮሐንስ ልጅ ትዳር እና የእኛ ቤት እንግሊዝኛ

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ታሪክ ላስተማርኳችሁ ልጆች ጋፋት አዲስ አይደለችም። ደብረ ታቦር አጠገብ ያለች፣ አጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩባት ቦታ ናት። ስለ መድፉ ብዙ አውርተናል። እዚያ ሰፈር ስለነበረ አንድ ትዳር ግን ክፍል ውስጥ አንስቼላችሁ አላውቅም።

እንግሊዛዊው ጆን ቤል እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ አገራችን ገባ። መጀመሪያ ራስ አሊን፣ ኋላ ቴዎድሮስን አገለገለ። ሊቀ መኳስ ተሾመ፤ ሰዉም ዮሐንስ ይለው ነበር። ኢትዮጵያዊት አግብቶ ወለደ፣ በ1860 ለንጉሡ ሲዋጋ ሞተ። ልጁን ሱዛንን ያገባት ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ነው፤ ከስዊዘርላንድ የመጣ፣ በጀርመንኛ አፉን የፈታ፣ ጋፋት ከነበሩት የእጅ ባለሙያ ሚሲዮናውያን አንዱ። አማርኛንም ተምሯል።

እስቲ አስቡት፤ የእሱ ጀርመንኛ፣ የእናቷ አማርኛ፣ የአባቷ እንግሊዝኛ። በ1868 ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ ባልና ሚስቱ አገር ለቀው ወጡ፣ ኑሯቸው ሊባኖስ ሆነ። በ1873 ዋልድማየር ብሩማና በምትባል የተራራ ከተማ ትምህርት ቤት ከፈተ። የእንግሊዝ ኩዌከሮች የደገፉት ይህ ትምህርት ቤት ዛሬም አለ፤ በእንግሊዝኛም ያስተምራል። ጀርመንኛ ተናጋሪው ሰውዬ እንግሊዝኛ የሚሰጥበት ትምህርት ቤት ያቆመው በሰው አገር ኖሮ፣ የሰው ቋንቋ ተምሮ፣ ከዚያው አግብቶ ካየው በኋላ ነው።

አሁን ወደ እኔ ቤት ልምጣ። እኔና ባለቤቴ የተዋወቅነው ኮሌጅ ነው። የእሷ አፏ አፋን ኦሮሞ፣ የእኔ አማርኛ። የእሷ አማርኛ ይሰባበራል፣ የእኔ ኦሮምኛ ከሰላምታ አያልፍም። ስለዚህ ቴክስት የምንጻጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር። ሳቁብኝ፤ የሁለታችንም እንግሊዝኛ እኩል ደካማ ስለሆነ ማንም ማንን አያፍርም ነበር! ዓመታት ክፍል ተቀምጬ የፈራሁትን ቋንቋ በጥቂት ወር ደፈርኩት። ፈተና የለበትማ። ማዶ የምትጠብቅ ሰው ነበረች።

ልጃችን ስትወለድ ታዲያ «በየትኛው እናሳድጋት?» የሚል ክርክር መጣ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ ይል ነበር። አፍ መፍቻው ሁለት የሆነ ልጅስ? እኛ «እንግሊዝኛ ገላጋይ ይሁን» ብለን ኬጂም ቤትም በእሱ አደረግነው። ኩራትም ነበረብን፣ አልዋሽም።

ባለፈው አኮ፣ የባለቤቴ እናት፣ ልትጠይቀን መጣች። ልጅቷ እየሮጠች ሄዳ ጉልበቷ ላይ ወጥታ በእንግሊዝኛ ወሬዋን ቀጠለች። አኮ ዝም ብላ ሰማቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ምን አለች?» አለችኝ። የልጄን ቃል ለገዛ አያቷ በተሰባበረ ኦሮምኛ አስተረጎምኩ። ያን ቀን እራቴን በቅጡ አልበላሁም።

ለካ ለእኔና ለባለቤቴ ድልድይ የነበረው እንግሊዝኛ፣ ለአኮና ለልጄ አጥር ሆኗል። ቋንቋው ያው ነው፤ የእኛ ለውጥ ነው። እኛ የተጠቀምንበት ለመቀራረብ ነበር፤ ኋላ ግን የእሷንም የእኔንም ላለመማር መሸሻ አደረግነው።

ክፍል ውስጥም የማየው ይሄንኑ ነው። ቤታቸው ሁለት ቋንቋ የሚነገር ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ላይ እንግሊዝኛን ሲሳሳቱ አይደነግጡም። አባታቸው ሲሳሳት እናታቸው ስትስቅ፣ ቤቱ ሳይፈርስ አይተዋላ! ያ ድፍረት ግን የሚገኘው ሁለቱም ቋንቋ ቤት ውስጥ ሲነገር ነው።

አሁን እኔ በየማታው ከልጄ ጋር ኦሮምኛ እየተማርኩ ነው። እሷ ቀድማኛለች፣ ታርመኛለችም። እንግሊዝኛውን አልተውንም፤ ተራውን ይጠብቃል።

እናንተ ቤት እንዴት ነው? በተለይ ከሌላ ቋንቋ ያገባችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ስህተት አላርምም፣ ቃሌ ነው።