የኢትዮጵያ ሕክምና ታሪክ ምንጮች

የኢትዮጵያ ሕክምና ታሪክ ምንጮች በአገሪቱ በየዘመኑ የነበሩትን በሽታዎች፣ መድኃኒቶችና ሐኪሞች ለማጥናት የሚያገለግሉ የብራና መጻሕፍት፣ የጉዞ ማስታወሻዎችና የግል ትዝታዎች ናቸው። ከፊሎቹ በጣና ሐይቅ ገዳማትና በአዲስ አበባ ቤተ መጻሕፍት፣ ከፊሎቹ ደግሞ በአውሮፓና በአሜሪካ ተቀምጠው ይገኛሉ።

መጽሐፈ መድኃኒት

የባህል ሕክምና ዕውቀት የሰፈረባቸው ጽሑፎች በተለምዶ «መጽሐፈ መድኃኒት» ይባላሉ። ከሚታወቁት አብዛኞቹ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የተጻፉ ናቸው። ጸሎቶቹ ብዙ ጊዜ በግዕዝ ሲሆኑ የመድኃኒቱ አዘገጃጀት ግን በአማርኛ ነው፤ ዕፀዋቱ የሚታወቁት ሕዝቡ በሚጠራቸው ስም ነውና። በአንድ ቦታ የበሽታው ስም፣ የሚያስፈልገው ቅጠል፣ ሥር ወይም ልጣጭ፣ እንዲሁም አወሳሰዱ ይነገራል። መድኃኒቱ ሲበረታ የሚያበርደው «ማርከሻ»ም ብዙ ጊዜ አብሮ ይጻፋል።

ጸሐፊዎቹ በአብዛኛው ደብተራዎች ነበሩ። ዕውቀቱ በምስጢር ይያዝ ስለነበር መጻሕፍቱ ብዙውን ጊዜ በግለሰቦች እጅ ይገኛሉ። በገዳማትና በአብያተ ክርስቲያናት ደግሞ መድኃኒት በዳዊት ወይም በሌላ መጽሐፍ ባዶ ገጽ ላይ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ከመጽሐፉ ርዕስ ስለማይታወቅ ተመራማሪው ገጽ በገጽ መመልከት ይኖርበታል።

ማርሴል ግሪዮል የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ ወደ ፈረንሳይኛ ተርጉመው እ.ኤ.አ. በ1930 ፓሪስ ላይ አሳትመዋል። ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲን ስለ ኢትዮጵያ ሕክምናና ዕፀዋት የጻፉት ባለ ሁለት ቅጽ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1973 ወጥቷል።

የተጓዦችና የዓይን ምስክሮች ጽሑፎች

ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ እ.ኤ.አ. በ1699 ቀዳማዊ ኢያሱን ለማከም ጎንደር ገብቷል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲደርስ ፈንጣጣ ገብቶ እንደነበረና የእቴጌ ምንትዋብን ቤተሰብ እንዳከመ ጽፏል። ለኋለኛው ዘመን የአማርኛ ትዝታዎች ይረዳሉ። ለምሳሌ በ1911 ዓ.ም. የደረሰውን የኅዳር በሽታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ በትዝታ መጽሐፋቸው መዝግበውታል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እነዚህን የመሰሉ ምንጮች አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1990 የኢትዮጵያን የሕክምና ታሪክ በእንግሊዝኛ አሳትመዋል።

በውጭ አገር ያሉ ስብስቦች

ብሩስ ይዟቸው የሄዱት የብራና መጻሕፍት በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ከወሰዳቸው መጻሕፍት 350 ያህሉ ዛሬ በለንደኑ የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት አሉ። አንትዋን ዳባዲና ግሪዮል የሰበሰቧቸው ደግሞ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል።

ማይክሮፊልምና ዲጂታል ቅጂ

ኤርንስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1968 የጣና ገዳማትን መጻሕፍት በማይክሮፊልም አነሡ። ከባሕር ዳር ብዙም የማይርቀው የክብራን ገብርኤል ገዳም ካታሎግ እ.ኤ.አ. በ1973 ታተመ። በዚያው ዓመት በተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ 9,000 ያህል መጻሕፍት ተቀድተዋል። ቅጂዎቹ በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው በሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ ከካታሎጉ አዘጋጆች አንዱ ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። ዛሬ ከእነዚህ ብዙዎቹ በኢንተርኔት ይነበባሉ።

ቅጂዎቹ ዋናው መጽሐፍ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ጽሑፉን ያተርፋሉ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት በመሆናቸው፣ ለሴት ተመራማሪ የመጻሕፍቱን ይዘት ለማንበብ ዋናው መንገድ ቅጂው ነው። ይሁን እንጂ ፎቶግራፍ የብራናውን ውፍረት፣ የቀለሙን ዓይነትና ቅጠሎቹ እንዴት እንደተሰፉ በሙሉ ስለማያሳይ፣ ዕድሜውን ለመገመት ዋናውን ማየት ያስፈልጋል።

የአነባበብ ጥንቃቄ

የድሮ የበሽታ ስም ከዛሬው ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። «ንዳድ» ዛሬ ከወባ ጋር ቢያያዝም በጥንት ጽሑፍ ማንኛውንም የሚያቃጥል ትኩሳት ሊያመለክት ይችላል። የዕፅ ስምም ከአገር አገር ይለያያል። መጠኑ በእፍኝ ወይም በቁንጥር ሊነገር፣ አንዳንዴም ጭራሹን ሊቀር ይችላል። ለኮሶ ትል ይወሰድ የነበረውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓም በመድኃኒትነት የተሸጠው ኮሶ ከልክ ሲያልፍ ይመርዛል። ስለዚህ እነዚህ ጽሑፎች የታሪክ ሰነዶች እንጂ የሕክምና መመሪያዎች አይደሉም።

ሌላው ጉዳይ የባለቤትነት ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀም ይደነግጋል፤ ማኅበረሰቦችም ከዕውቀታቸው የሚገኘውን ጥቅም የመጋራት መብት አላቸው።