«ውረድ!» ከማለት በፊት፦ ሥጋት ያለበት ጨዋታና የመምህሩ ተጠያቂነት

በአውስትራሊያዋ ሲድኒ ተመራማሪዋ አኒታ ባንዲና ባልደረቦቻቸው በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ለመጫወቻነት ያልተሠሩ ዕቃዎችን አስቀመጡ፤ እንደ መኪና ጎማና ሣጥን ያሉ። ዕቃዎቹ የተመረጡት ይህ ነው የሚባል የአጨዋወት ሥርዓት ስለሌላቸው ነው። ተጫዋቾቹ ከ5 እስከ 7 ዓመት ያሉ ልጆች ነበሩ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲታተም፣ ልጆቹ ከበፊቱ ይበልጥ እንደሚንቀሳቀሱ፣ እርስ በርስ እንደሚግባቡና አዳዲስ ጨዋታ እንደሚፈጥሩ መምህራኑ መስክረው ነበር። በጥናቱ ጊዜ የተጎዳ ልጅ አልነበረም። እነዚሁ መምህራን ግን ሥጋቱ ጨምሯል ብለው ተጨነቁ፤ ለጭንቀታቸው የጠቀሱትም ልጆቹን የመጠበቅ ግዴታቸውን ነው።

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ይመስለኛል። ስለ ልጆች ጨዋታና ሥጋት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር መምህሩን ለማሳመን የሚደክም ነው፦ ጨዋታ ይጠቅማል፣ መውደቅ ያስተምራል፣ ከልክ ያለፈ ጥበቃ ይጎዳል ይላል። መምህሩ የሚከለክለው ይህን ስለማያውቅ አይደለም። እርሱም ልጅ ሳለ ዛፍ ወጥቷል፤ ወድቆም ተነሥቷል። የሚከለክለው፣ የአንድ ልጅ ክንድ ቢሰበር ብቻውን የሚጠየቀው እርሱ እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ መምህራንን ማገዝ ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ተጠያቂነቱን ከአንድ ሰው ትከሻ አንሥቶ ለትምህርት ቤቱና ለወላጆች ማካፈል ነው እላለሁ። ሥልጠናውም ሆነ ዕቃው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

በዚህ መጣጥፍ ሥጋት የምለው ልጁ ራሱ የሚያየውን፣ የሚመዝነውንና ልሞክር ወይስ ልተው ብሎ የሚወስንበትን ነው። የዛፍ ከፍታ ሥጋት ነው፤ የወጣው ልጅ ወደ ታች ሲያይ ጉልበቱ ስለሚርድ ምን ያህል እንደወጣ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ጠንቅ የምለው ደግሞ ከልጁ ግምት የተሰወረውን ነው። የካናዳ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ያወጣው መግለጫም ሁለቱን ለይቶ ያያል፤ ሥጋቱን ልጁ እንደ አቅሙ ይጋፈጠው፣ ጠንቁን አዋቂ ያስወግደው የሚል ነው መንፈሱ።

ለጠንቅ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የመሰላልና የአጥር ርብራብ ነው። ኢ.ኤን. 1176 የተባለው የአውሮፓ የመጫወቻ ዕቃዎች ደረጃ ከ89 እስከ 230 ሚሊ ሜትር የሚሰፋን ዙሪያው የተዘጋ ክፍተት አጥብቆ ይመረምራል። ትንሽ ልጅ እግሩን አስቀድሞ በእንዲህ ያለ ክፍተት ሲሾልክ ገላው ያልፋል፣ ጭንቅላቱ ይያዛል፤ እግሩ መሬት ካልደረሰም በአንገቱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የ5 ዓመት ልጅ ይህን አስቀድሞ ሊያሰላ አይችልም። መምህሩም ቆሞ በማየት ብቻ አያውቀውም፤ ሜትር ይዞ መለካት አለበት። የውኃ ኮዳ ማንገቻም እንዲሁ ነው። ሸርተቴው አናት ላይ ወጣ ያለ ብሎን ወይም ያልተሞረደ የብየዳ ጫፍ ማንገቻውን ከያዘው፣ ልጁ ቁልቁል ሲንሸራተት አንገቱ ይታነቃል። በእኛ አገር መዋዕለ ሕፃናት ኮዳውን ሳያወልቅ ሸርተቴ የሚወጣ ልጅ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ተረኛዋ መምህርት የምትጮኸው ግን ሸርተቴውን ከታች ወደ ላይ በሚወጣው ልጅ ላይ ነው።

መሬቱም ጠንቅ ሊሆን ይችላል። እስከ 2 ሜትር ከፍታ ካለው ዕቃ ሥር ያው የአውሮፓ ደረጃ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ተስማሚ አሸዋ፣ በልጆች እግር ለሚበተነው ደግሞ ተጨማሪ 10 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃል። ሲሚንቶ ላይ የተተከለ ረጅም የብረት ሸርተቴ በዚህ መለኪያ ፈጽሞ አያልፍም። አሸዋ ዛሬ ርካሽ አይደለም፤ ቢሆንም ለሸርተቴ ገንዘብ ያገኘ ትምህርት ቤት ስለሚያርፍበት መሬትም ማሰብ ነበረበት።

ልጆች የሚሹት ሥጋት ምን ዓይነት ነው? የኖርዌይዋ ተመራማሪ ኤለን ሳንድሴተር እ.ኤ.አ. በ2007 በስድስት ከፍለውታል፦ ከፍታ፣ ፍጥነት፣ ስለታም መሣሪያ፣ እንደ እሳትና ጥልቅ ውኃ ያለ አደገኛ ነገር፣ ልፊያ፣ ከአዋቂ ዓይን መሰወር። ዝርዝሩን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ብዙ አይገረምም። ዛፍ መውጣት፣ ዥዋዥዌ፣ አባሮሽ፣ ትግልና ድብብቆሽ ሁሉም እዚያ ውስጥ ቦታ አላቸው፤ የገና ጨዋታማ ፍጥነቱንም ዱላውንም ልፊያውንም ባንድ ላይ የያዘ ነው። ሳንድሴተርና ሌፍ ኬናይር እ.ኤ.አ. በ2011 ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት፣ ልጅ የሚያስፈራውን ነገር በጨዋታ ደጋግሞ ሲሞክር ፍርሃቱ ከችሎታው ጋር እየተመጣጠነ ይሄዳል፤ ይህን ዕድል ያጣ ግን የሕፃንነት ፍርሃቱን ይዞ ሊያድግ ይችላል። ሐሳቡ ያሳምናል፤ መላ ምት መሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም።

የተለካውስ ነገር ምን ይላል? የካናዳዋ ተመራማሪ ማሪያና ብሩሶኒና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2015 21 ጽሑፎችን መርምረው በአካል እንቅስቃሴና በማኅበራዊ ጠባይ ረገድ ጥቅሙ እንደሚያመዝን ደምድመዋል። የማስረጃው ጥራት በብዙ ቦታ ዝቅተኛ መሆኑንም አልሸሸጉም። ለወላጅ ስብሰባ ይህን ጥናት ይዞ የሚቀርብ ርእሰ መምህር ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ቢዘል፣ ጥርጣሬ ያለው አንድ ወላጅ አንብቦ ሲያጋልጠው ከሚያተርፈው የሚያጣው ይበልጣል።

በኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ፣ የስዋንሰን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ብሩስ ማክላክላን የእረፍት ሰዓት ክልከላዎችን ሲያነሡ ወሬው በዓለም ዙሪያ ተሰማ። ልጆች ዛፍ ወጡ፣ በጭቃ ተንሸራተቱ፣ ስኬትቦርድ ነዱ። ከአንድ ትምህርት ቤት ታሪክ ግን ብዙ መደምደም አይቻልም። ይበልጥ የሚያከራክረው በዚያው አገር 16 ትምህርት ቤቶችን ያካተተውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ክልከላ በተቀነሰባቸው ትምህርት ቤቶች ያሉ ልጆች መገፋትና መገፍተር እንደበዛባቸው ተናገሩ። ያም ሆኖ ለመምህር የሚያመለክቱት ከሌሎቹ ያነሱ ነበሩ። ይህን ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ሊያነበው ይችላል። አንዱ ልጆቹ ጠባቸውን ራሳቸው መፍታት ለመዱ ይላል፤ ሌላው ከመምህሩ ተስፋ ቆረጡ ይላል። እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፤ ምክንያቱም እነዚሁ ልጆች በትምህርት ቤታቸው ደስተኞች መሆናቸውን የገለጹት ከሌሎቹ ይበልጥ ነው። ዝምታ ሁሉ ሰላም አለመሆኑን የሚያውቅ መምህር ግን ሁለተኛውንም ንባብ ከአእምሮው አያወጣውም።

ወደ ተጠያቂነት ልመለስ። በአንድ ግቢ የሚሆነውን ቀረብ ብለን እንይ። ልጅ ይወድቃል፣ ጉልበቱ ይላጣል። መምህርቷ ቁስሉን ታጥባለች፣ ፕላስተር ትለጥፋለች፤ ልጁም ወደ ጨዋታው ይመለሳል። አሥር ሰዓት ላይ እናቱ ልትወስደው ትመጣለች። የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ሆነህ ነው የኔ ልጅ?» ነው፤ ሁለተኛው «ማን ነበር ተረኛ?»። በማግስቱ ርእሰ መምህሩ ተረኛዋን ያስጠራታል። ሸርተቴውን በተቃራኒ መውጣት ይፈቀድ ወይም ይከልከል የሚል የተጻፈ ነገር የለም። «አይቼዋለሁ» ብትል «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» ትባላለች፤ «አላየሁትም» ብትል «የት ሄደሽ ነበር?» ትባላለች። በሚቀጥለው ተራዋ ምን እንደምታደርግ መገመት አያዳግትም። በግል ትምህርት ቤት ነገሩ ይብሳል፤ የተቆጣ ወላጅ ልጁን ሲያስወጣ ክፍያውም አብሮ ስለሚወጣ አስተዳደሩ ከመምህርቷ ጎን ለመቆም ድፍረት ያጥረዋል። ለዚህች መምህርት ስለ ጨዋታ ጥቅም የግማሽ ቀን ሥልጠና መስጠት ገንዘብ ማባከን ነው።

እንግሊዞች እዚህ ላይ የሠሩት ሥራ ትኩረት ይገባዋል። ዴቪድ ቦል፣ ቲም ጊልና በርናርድ ስፒጋል እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት መመሪያ፣ አደጋን ብቻ የሚዘረዝረውን የተለመደ ቅጽ ጥቅምንም በሚመዝን ግምገማ እንዲተካ ሐሳብ አቀረቡ። በእንዲህ ያለ ግምገማ ልጆች ከጨዋታው የሚያገኙት፣ ሊደርስ የሚችለው ጉዳት፣ ጉዳቱን ለመቀነስ የተደረገው፣ የተደረሰበት ውሳኔና ምክንያቱ በአንድ ገጽ ላይ ይሰፍራል። አራት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ የአገሪቱ የጤናና ደኅንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በልጆች ጨዋታ ውስጥ ግቡ ሥጋትን ጨርሶ ማጥፋት አይደለም ሲል በይፋ አስታወቀ። የዚህ መግለጫ ክብደት ከይዘቱ ይልቅ ከተናጋሪው ይመነጫል። ደኅንነት ሲጓደል ከሳሹ ያው አካል ነውና፣ አንድ መምህር ከዚያ በኋላ አለቃውን «ተቆጣጣሪው እንኳ እንዲህ ይላል» ማለት ቻለ። በእኛ አገር ከክፍለ ከተማ ወይም ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚወጣ አንድ ገጽ ደብዳቤ ተመሳሳይ ሥራ ሊሠራ ይችላል።

የሲድኒ ተመራማሪዎችም ከመጀመሪያው ግኝታቸው ተምረዋል። ከዚያ በኋላ በ12 ትምህርት ቤቶች ባካሄዱት ሙከራ ዕቃ ማስቀመጥ ብቻውን በቂ ነው አላሉም፤ ወላጆችንና መምህራንን አገናኝተው በልጅነታቸው ምን ይጫወቱ እንደነበር፣ ዛሬ ለልጆቻቸው ምን እንደሚከለክሉና ለምን እንደሆነ አወያዩአቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው የአካል እንቅስቃሴ ለውጥ ትንሽ ነው፤ ማንም ሊያጋንነው አይገባም። ለእኔ ከቁጥሩ ይልቅ ቁም ነገሩ አሠራሩ ነው። መምህሩ ወላጁ ምን እንደሚቀበል በጆሮው ሰምቶ ሲወጣ፣ ግቢ ውስጥ ሲቆም የሚገምተው ነገር ይቀንሳል። ሥራው በኋላ የአእምሮ እድገት ውስንነት ወዳለባቸው ልጆች ትምህርት ቤቶችም ተስፋፍቷል። ተገቢም ነው፤ በእነዚህ ልጆች ላይ ጥበቃው ስለሚከብድ፣ ራሳቸው ወስነው የሚያደርጉት ነገር እጅግ ጥቂት ነው።

የወላጆችና የመምህራን ስምምነት ካለ በኋላ የመምህሩ የዕለት ሙያ ይጀምራል። ዛፍ ላይ ያለን ልጅ በጩኸት «ውረድ! ትወድቃለህ!» ማለት ያስደነግጠዋል፤ የደነገጠ ልጅ ደግሞ ቅርንጫፉን ትቶ ወደ ጠራው ሰው ይዞራል። ልምድ ያላት መምህርት መጀመሪያ ትጠጋለች፣ ከሥሩ ትቆማለች፣ ታያለች። ልጁ ቅርንጫፉን እየፈተነ የሚወጣ ከሆነ ዝም ትላለች። ካመነታ በዝግታ ትጠይቀዋለች፦ «አሁን የቆምክበት ቅርንጫፍ ይነቃነቃል? እጅህ የያዘውስ? ስትወርድ በየት በኩል ነው የምትወርደው?» ጥያቄዎቹ ልጁን ወደ ራሱ አካልና ወደ ዛፉ ይመልሱታል። አንድ ነገር ግን መቼም አይደረግም፦ በራሱ መውጣት ያልቻለን ልጅ አንሥቶ ቅርንጫፍ ላይ ማስቀመጥ። ያልወጣበትን መውረድ አያውቅም።

ይህ ሁሉ ከባለጸጋ አገሮች የመጣ መሆኑ መረሳት የለበትም። እዚያ ሣር አለ፤ አንድ መምህር የሚጠብቃቸው ልጆች ጥቂት ናቸው፤ ክንድ ቢሰበር ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነው። በእኛ ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አንድ ተረኛ እጅግ ብዙ ልጆችን ይጠብቃል፤ ለስብራት የሚወጣው ገንዘብም ከወላጅ ኪስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ሪፖርት መሠረት፣ በጉዳት ከሚሞቱ ልጆች ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚሞቱት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ነው። ስለዚህ ፍርሃቱን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያይ አማካሪ ከእኔ ጋር አይስማማም። ነገር ግን ያው ሪፖርት ከገዳዮቹ ግንባር ቀደም ያደረገው የመኪና አደጋንና መስጠምን ነው። ከግቢው በር ውጭ ያለው አስፋልት ከግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ይልቅ ያስፈራል፤ የጥበቃ ጉልበታችን ግን በአብዛኛው ዛፉ ሥር ያልቃል።

ለእኛ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ይመስለኛል። መጀመሪያ ሜትር ተይዞ ግቢው ይለካ፣ የተበላሸው ይበየድ፣ የሾለው ይሞረድ፣ ኮዳው ከአንገት ይውረድ፤ ይህ የማንንም ስምምነት አይጠይቅም። ቀጥሎ ጎማው፣ ካርቶኑና ገለባው ይግባ፤ ትልልቆቹ ልጆች ከትንንሾቹ በተለየ ሰዓት ይጫወቱ። ዕቃው ከመግባቱ በፊት ግን የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱ ተሰብስቦ የሚፈቀደውን በጽሑፍ ያስፍር፤ ርእሰ መምህሩም ወላጆችም ይፈርሙበት፤ ቅጂው ተረኛዋ እጅ ይሁን። በመስከረም የሚጠራው የወላጆች ስብሰባ አጀንዳ ብዙውን ጊዜ ክፍያና ዩኒፎርም ነው። ርእሳነ መምህራን የዘንድሮው ላይ ይህን ሦስተኛ አድርገው ያስገቡት።