ውህድ፦ የትኛውን «ሙዚቃዊ ስልት» ነው የሰማነው?

ውህድ ማለት በአንድ ዘፈን ቀረጻ ውስጥ ያሉት ድምፆች፣ የዘፋኙ፣ የቤዙ፣ የኦርጋኑ፣ የድራሙና የትንፋሽ መሣሪያዎቹ፣ እያንዳንዳቸው ምን ያህል ጎልተው፣ ከቀኝ ወይስ ከግራ፣ ቀርበው ወይስ ርቀው እንደሚሰሙ ተወስኖ አንድ ላይ የተቀመጡበት ቅርጽ ነው። ስቱዲዮዎቻችን «ሚክስ» ይሉታል፤ ሥራው ደግሞ «ሚክሲንግ» ነው። አንድ ዘፈን አንዴ ተቀርጾ ሁለት ሦስት ውህድ ሊወጣለት ይችላል። አንዱ ለነጠላ ዜማ፣ አንዱ ለአልበም፣ አንዱ ለሬዲዮ ይሠራል። ርዕሱም ዘፋኙም ያው ነው፤ ጆሮ የሚደርሰው ግን ይለያያል።

«ድብልቅ» የሚሉት አሉ። ድብልቅ ሲባል ገብስና ስንዴ ይታየኛል፤ ቢደባለቅም ትዕግሥት ያለው ሰው ፍሬ በፍሬ ይለቅመዋል። የተዋሃደ ድምፅ እንደዚያ አይደለም። ቤዙ ከድራሙ ጋር አንዴ አንድ መስመር ላይ ከገባ በኋላ ቤዙን ብቻ ዝቅ ላድርግ ማለት በተለመደው መንገድ አይቻልም። «ውህድ»ን የመረጥኩት ለዚህ ነው። «ቅጂ»ን ለሚክስ መጠቀም ደግሞ ያምታታል። ከጓደኛ ካሴት ያስቀዳነውም ቅጂ ነው፤ ሺህ ቅጂ ቢወጣ ውህዱ ያው አንድ ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩን ለሰሜን ሸዋ ሰው ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኃይሉ መርጊያ በ1946 እ.ኤ.አ. የተወለዱት ደብረ ብርሃን ነው። በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ አኮርዲዮንን በራሳቸው ጥረት ተማሩ፤ በኋላም በዋልያስ ባንድ ኦርጋን እየተጫወቱ ለዓመታት የሂልተን ሆቴልን ምሽት አደመቁ። በ1977 እ.ኤ.አ. ካይፋ ሪከርድስ ባሳተመው «ቼ በለው» በተባለው የዋልያስ አልበም ውስጥ «ሙዚቃዊ ስልት» አለ። የግርማ በየነ ድርሰት ነው። ዘፈን የሌለበት ሙዚቃ ሆኖ ይህን ያህል ዓለም የዞረ የኢትዮጵያ ሥራ ጥቂት ነው።

ዛሬ አንድ ወጣት ስልኩ ላይ «ሙዚቃዊ ስልት» ብሎ ቢፈልግ ብዙ ፋይል ይመጣለታል። አንዱ ከመጀመሪያው ሸክላ የተቀዳ ነው። አንዱ የኢትዮጵያን ሙዚቃ በሲዲ ለውጭ ሰሚ ካደረሰው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ፣ ከ13ኛው ጥራዝ የመጣ ነው። አንዱ ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለው አሳታሚ በ2014 እ.ኤ.አ. «ቼ በለው»ን ዳግም ባሳተመበት ጊዜ የወጣ ነው። ሌላው ዳክታሪስ የተባለው የአሜሪካ ባንድ በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ሁሉም በአንድ ስም ተሰልፈዋል። ሰሚው የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ሲያነጻጽር «ይኼኛው ሌላ ሚክስ ነው» ሊል ይችላል፤ ዳክታሪስንም «ሪሚክስ» ብሎ ያልፈዋል። ሁለተኛው አባባል ትክክል አይደለም፤ የመጀመሪያውም ሳይጣራ የሚባል አይደለም፤ ቃሉን በቅጡ ማወቅ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው።

ዳክታሪስ ሙዚቃውን በራሳቸው እጅ እንደገና ተጫውተው ቀረጹት፤ ስለዚህ የእነሱ ሥራ ሌላ ቀረጻ ነው። ውህድ ይለያያል የሚባለው ቀረጻው አንድ ሲሆን ብቻ ነው፤ ያው ጣት የነካው ያው ኦርጋን፣ ያው ትንፋሽ። ሁለተኛው የሚያሳስተው ማስተሪንግ ነው። ማስተሪንግ ውህዱ ካለቀ በኋላ አጠቃላይ ድምፁን ማጉላት፣ ወፍራሙንና ቀጭኑን ማስተካከል፣ የሸክላ ጭረት ካለ መጥረግ ነው። ድምፁ ጠርቶ ወይም ጮኾ ስለተሰማን ብቻ ውህዱ ተለወጠ አንልም። የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ዳግም ሲታተም በብዛት የሚሠራለትም ይኼው ማስተሪንግ ነው። በተለመደው መንገድ አዲስ ውህድ ለማውጣት እያንዳንዱ መሣሪያ ለየብቻው የተያዘበት ባለ ብዙ ትራክ ቴፕ መገኘት አለበት። ባንዱ በአንድ ላይ ተጫውቶ በቀጥታ ሁለት ትራክ ላይ ከተቀረጸ ውህዱ በዚያው ሰዓት ተፈጽሟል። ሦስተኛው መቁረጥ ነው፤ መግቢያውን ማሳጠር፣ የሳክስፎኑን ሶሎ ማውጣት፣ መጨረሻውን ቶሎ ማክሰም። ይኼ «ያጠረ ቅጂ» ቢባል ይበቃዋል።

ማሳጠሩ የመጣው ከዕቃው ጠባይ ነው። የምንጃሩ ተወላጅ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፣ የእግር ኳሱ ሰው የይድነቃቸው ተሰማ አባት፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ሲል ጀርመን አገር ድምፃቸውን ሲያስቀርጹ የአንድ ሸክላ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ግድም ነበር። በዚያ ዘመን ውህድ የሚባል የተለየ ሥራ አልነበረም። ዘፋኙ በትልቁ ቀንድ መሰል መለከት ፊት ይቆማል፤ ድምፁ እንዲጎላ ከተፈለገ ይጠጋል፤ ካልሆነ ያፈገፍጋል። የሳቸው ቀረጻዎች በ2011 እ.ኤ.አ. በ«ኢትዮፒክስ» 27ኛ ጥራዝ ተሰብስበው ወጥተዋል። በሲዲው ከበፊቱ ጠርተው ቢሰሙ ያው ማስተሪንግ ነው፤ ነጋድራስ ከመለከቱ ፊት የቆሙበትን ርቀት ሊለውጥ የሚችል መሐንዲስ የለም።

በኋላ ትንሹ ባለ 45 ዙር ሸክላ መጣ። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ከተማውን ያዳረሰው በዚህ ሸክላ ነው። እሱም ቢሆን በአንድ ገጹ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይይዝም። በውጭ አገርም ያው ነው፤ ዶርስ የተባለው ባንድ «ላይት ማይ ፋየር» በ1967 እ.ኤ.አ. አልበሙ ላይ ሰባት ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ ለሬዲዮ ሲባል በወጣው ነጠላ ዜማ ግን የኦርጋንና የጊታር ሶሎው ተቆርጦ ከሦስት ደቂቃ አነሰ። እዚያ ቆራጩ ስቱዲዮው ነበር። እኛ ጋ የሬዲዮ ቅጂ የሚወለደው በብዛት በስርጭት ሰዓት ነው፤ አዘጋጁ በመግቢያው ላይ ይናገራል፣ የዜና ሰዓት ሲደርስ ደግሞ መጨረሻውን ዝቅ እያደረገ ያጠፋዋል። ያንን ቤቱ ሆኖ በካሴት የቀዳ ሰው ልጆቹ ዘፈኑን በዚያ ልክ ነው የሚያውቁት። ሬዲዮ ጣቢያው ራሱ የቀረጸውም አለ። የክብር ዘበኛና የሌሎቹ ኦርኬስትራዎች ዘፈኖች በጣቢያው ሪል ቴፕ ተይዘው ይተላለፉ ነበር። ዘፋኙ ያንኑ ዜማ በኋላ ሸክላ ላይ ካስቀረጸው ሁለቱ ሁለት ቀረጻ ናቸው፤ «የሬዲዮው ሚክስ» ማለት አያስኬድም።

የውህድ ልዩነት ራሱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው የሙላቱ አስታጥቄ ሥራ ላይ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ የወጣውን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ስትራት የተባለው አሳታሚ በ2017 እ.ኤ.አ. ሲያሳትመው በስቴሪዮ ከምናውቀው ጋር የሞኖውንም አወጣ። ሞኖ ሁሉንም ድምፅ በአንድ መስመር ያመጣል፤ ስቴሪዮ ግራና ቀኝ ይዘረጋዋል። በስቴሪዮው አንድ መሣሪያ ከአንድ ወገን ብቻ ይመጣ የነበረ ከሆነ በሞኖው መሐል ገብቶ ከሌሎቹ ጋር ይጋፋል። አንዳንዴ ልዩነቱ ከዚህም ያልፋል። የእንግሊዙ ባንድ የቢትልስ «ሺስ ሊቪንግ ሆም» በሞኖው ውህድ ከስቴሪዮው ፈጠን ያለና በግማሽ ቃና ከፍ ያለ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ፍጥነት ስለተለያየ ብቻ ውህዱ ሌላ ነው ማለት አይደለም። በካሴት ዘመን ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ቴፑ ይጎተታል፣ ዘፋኙ ይወፍራል። ሙዚቃ ቤት ሄዶ ያስቀዳ ሰው ደግሞ የመቅጃው ሞተር እንደፈጠነ ወይም እንደዘገየ ይዞ ይመለሳል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ፍጥነት በስድስት በመቶ ገደማ ሲጨምር ድምፁ በግማሽ ቃና ከፍ ይላል፤ ሦስት ደቂቃ የነበረው ዘፈን ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ይሆናል። ስለዚህ ክራር የሚያውቅ ሰው ክራሩን በአንደኛው ፋይል ቃኝቶ ሁለተኛውን ይክፈት። ቃናውም ርዝመቱም በተመሳሳይ መጠን ከተለወጡ ጣጣው በብዛት የማጫወቻው ወይም የመቅጃው ነው። ርዝመቱ ተለውጦ ቃናው ካልተነካ መቁረጥ አለ። ሁለቱም ሳይነኩ የመሣሪያዎቹ ጉልህነት ከተለያየ ያኔ ነው ሌላ ውህድ ተገኘ የሚባለው።

ሸክላው እጅ ላይ ካለ መጀመሪያ የሚታየው መሐሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት አይደለም። ሸክላውን ወደ መስኮት ብርሃን ዘንበል አድርጉት። የመጨረሻው መስመር አልቆ ወረቀቱ እስኪጀምር ያለውን ጠፍ ጥቁር ቀለበት ተመልከቱ። እዚያ ላይ በእጅ የተጫረ ወይም የተመታ ቁጥርና ፊደል አለ፤ ማተሚያው ቅርጹን የለየበት ምልክት ነው። ወረቀታቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ይህ ቁጥር የተለያየ ሁለት ሸክላ ከተገኘ ማዳመጥ ይገባል። የተለያየ ቁጥር ሁልጊዜ የተለያየ ውህድ ማለት ባይሆንም ፍለጋው የሚጀመረው ከዚያ ነው። በወረቀቱ ላይ የታተመውን ደቂቃ አትመኑ፤ ሰዓት ይዛችሁ ለኩ። በተለይ ዘፈኑ ቀስ እያለ የሚጠፋበትን ቦታ አዳምጡ፤ ረጅሙ ቅጂ ሌላው ያከሰማቸውን አራት አምስት ምት ይዞ ይቆያል። ያች ትርፍ ጭራ የትኛው ከየትኛው እንደተቆረጠ ትናገራለች።

ኮምፒውተር ያለው ሰው ከዚህም የጠበቀ መንገድ አለው። በነጻ በሚገኘው ኦዳሲቲ ሁለቱን ፋይል ጎን ለጎን አስገብቶ፣ መነሻቸውን በጥንቃቄ አስተካክሎ፣ የአንዱን ሞገድ ይገለብጣል፤ ከዚያ አንድ ላይ ያጫውታል። ሁለቱ ፍጹም አንድ ከሆኑ ይጠፋፋሉ፤ ምንም አይሰማም። አንዱ ውስጥ ብቻ የጎላ ነገር ካለ እሱ ብቻ ቀርቶ ይሰማል፤ ኦርጋን ከሆነ ኦርጋኑ፣ ማሚቶ ከሆነ ማሚቶው። ከካሴት የተቀዳ ፋይል ላይ ግን ይኼ አይሠራም፤ የቴፑ ፍጥነት በየሰከንዱ ስለሚዋዥቅ ሞገዶቹ አይገጥሙም። እዚያ ላይ ጆሮ ብቻ ነው ያለን።

ለአዲስ ሥራ መፍትሔው ቀድሞ የተዘጋጀ ነው። አይ.ኤስ.አር.ሲ. የሚባል ባለ 12 ምልክት መለያ ለእያንዳንዱ ቀረጻ ይሰጣል፤ የሬዲዮው፣ የነጠላ ዜማውና የአልበሙ ከተለያዩ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሊኖራቸው ይገባል። ነጠላ ዜማውን አስቀድሞ ለቅቆ አልበሙ ሲወጣ ሚክሱን የሚያድስ ዘፋኝ ሁለቱን በአንድ መለያ ማስመዝገብ የለበትም፤ ክፍያውም መዝገቡም ይምታታል።

የሚያሳስበኝ የድሮው ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሆነው በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሠሩት «ሸሞንሟናዬ» ዳግም በ2013 እ.ኤ.አ. ለዓለም ሊደርስ የቻለው አንድ አሳታሚ ባሕር ዳር ላይ ካሴቱን አግኝቶ ሠሪውን ፈልጎ ስላነጋገረ ነው። ብዙው ሙዚቃችን ግን እንዲህ ያለ ፈላጊ አላገኘም፤ ማን መቼ ከምን እንደቀዳው ሳይታወቅ ኢንተርኔት ላይ ይጫናል፤ የተጎተተው ካሴት፣ አዘጋጁ የተናገረበት የሬዲዮ ቅጂ፣ ግማሽ ስቴሪዮው የጠፋው ፋይል ዘፈኑ ራሱ ተብሎ ይቀራል። አሁን ደግሞ አንድ መስመር ላይ ከተዋሃደ ድምፅ መሣሪያዎችን የሚለይ የኮምፒውተር ዘዴ መጥቷል። የቢትልስ «ሪቮልቨር» በ2022 እ.ኤ.አ. አዲስ ውህድ የወጣለት በዚህ ነው። ተለይቶ የወጣው ግን ማሽኑ ገምቶ የሠራው ድምፅ እንጂ የተገኘ የድሮ ቴፕ አይደለም። ነገ አንድ ሰው የዋልያስን ሥራ በዚህ መንገድ ለያይቶ፣ ድራሙን አግንኖ «ኦሪጅናል» ብሎ ቢለቅቀው በምን እንለየዋለን? ዘዴውን አልቃወምም፤ በእርጅና የተጎዳ ሸክላ ሊያድን ይችላል። «ዳግም ውህድ» ተብሎ ዓመቱና ሠሪው ይጻፍበት።

የደብረ ብርሃን ኤፍ ኤም አዘጋጅ፣ የሠርግ ዲጄ፣ አባቱ የተወለትን ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ልጅ፣ ሁሉም ሊያደርገው የሚችለው ነገር ትንሽ ነው። ፋይሉን «ሙዚቃዊ ስልት» ብሎ ከማስቀመጥ ይልቅ እንዲህ ብሎ መሰየም ይቻላል፦ «ሙዚቃዊ ስልት፣ ዋልያስ ባንድ፣ ከ‹ቼ በለው› አልበም፣ ካይፋ 1977፣ ከሸክላ የተቀዳ፣ ሙሉ»። ከሬዲዮ ከሆነ «ከሬዲዮ፣ መጨረሻው የተቆረጠ»። ውህዱ ካልተለየ ደግሞ «ውህዱ ያልተጣራ» ብሎ መተው፤ በኋላ ሌላ ሸክላ የያዘ ሰው ሲመጣ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።