የሽንዲ አረቄ አውጪዎች

የወረዳችንን የወምበርማን ታሪክ የሚያወራ ሰው በበርበሬ ይጀምራል፣ በበቆሎ ይጨርሳል። እውነቱን ነው፤ የእኛ በርበሬ አዲስ አበባ ድረስ ይፈለጋል። እኔ ግን ያደግሁት በአረቄ ገንዘብ ነው። ሽንዲ ላይ ደብተርና እስክርቢቶ የገዛልኝ፣ ነርስ ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ያደረሰኝ እናቴ ማድ ቤት ተቀምጣ ያወጣችው አረቄ ስለሆነ፣ የማድ ቤቱን ታሪክ ብጽፍ ነውር የለበትም።

ጠላ የሁሉም ቤት ነበር፤ ጠጅ በጥንቱ ዘመን የመኳንንቱ ነበር። አረቄ ግን የመሸታ ቤትና የመንገድ መጠጥ ሆነ። ጎረቤታችን ቡሬ ከአባይ ማዶ፣ ከወለጋ የሚሻገር ነጋዴ የሚያርፍባት ገበያ ነበረች። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቆ ሲወጣ የጎጃሙ የመኪና መንገድ ግን እዚያው ቀረ፤ መንገድ ባለበት ደግሞ መሸታ ቤት አይጠፋም። መሸታውን የያዙት ሴቶች ናቸው። በሬና ሞፈር የወንድ ነው፤ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት መሬት ቢኖራት እንኳ የሚያርስላት ትፈልጋለች። አረቄ ለማውጣት ግን ጋን፣ ማሰሮና እንጨት ይበቃል። ይህ ሙያ ስንት ቤት እንዳቆመ የሚቆጥር ሰው ባይኖርም፣ እኛ ሰፈር ያለ አባት ያደግን ልጆች እናውቀዋለን።

ሥራው እንዲህ ነው። የዳጉሳና የበቆሎ ዱቄት ቂጣ ሆኖ ይጋገራል፤ ከብቅልና ከተወቀጠ ጌሾ ጋር ተደፍድፎ ጋን ውስጥ ይሰነብታል። ድፍድፉ ሲደርስ በማሰሮ ይጣዳል፣ አፉ በጭቃ ይመረጋል። ከማሰሮው የሚነሳው መቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው መቀበያ ይገባና እንፋሎቱ እዚያ ሲደርስ ጠብ ጠብ ይላል። እሳቱ ከበዛ ድፍድፉ ገንፍሎ አረቄውን ያበላሻል፤ ካነሰ አይወርድም። ስለዚህ አውጪዋ ከምድጃው መራቅ አትችልም። እናቴ የባሕር ዛፍ ፍልጡን በእግሯ እየገፋች፣ ውሃውን እየለወጠች፣ በየመሃሉ የሚንጠባጠበውን በጣቷ ትቀምስ ነበር። ቀጠነ ስትል ማሰሮው ይወርዳል። ማድ ቤቱ ጭስ ማውጫ የለውም፤ ጭሱ በበርና በሣር ክዳኑ ውስጥ እንደፈቀደው ይወጣል። ዓይኗ ሳይቀላ ያየኋት በሁዳዴ ብቻ ነው፤ ያኔ ጠጪ ስለሚቀንስ።

ዛሬ ሳስበው የሚያሰጋኝ ጭስና አረቄ ብቻ አይደለም፤ ትኩሱ ገንፎም አለ። ሴት ስትወልድ «ማርያም ማርያም» ብለው የዋሉት ጎረቤቶች ገንፎ ይበላሉ። አራሷም ልጇ ክርስትና እስኪነሳ፣ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን፣ ገንፎ አይለያትም። ገንፎ ደግሞ መሃሉ ላይ ቅቤው እየፈላ፣ አፍ እያቃጠለ ካልተበላ እንደ ገንፎ አይቆጠርም። አክስቴ እፍ ስል ባየችኝ ቁጥር «አንቺ ልጅ፣ ሳይበርድ ዋጪው!» ትለኝ ነበር።

በነርስነት ዘመኔ «እህል አላወርድ አለኝ» እያሉ የሚመጡ ሰዎች አይቻለሁ። መጀመሪያ ቂጣው፣ ቀጥሎ እንጀራው፣ በመጨረሻ ውሃው አልወርድ ይላል። ብዙዎቹ ወደ እኛ ከመድረሳቸው በፊት እንጥል ወርዶ ነው ተብለው እንጥላቸውን አስቆርጠዋል፤ ከዚያ ጠበል፣ ከዚያ እኛ። እንዲህ ያለው ሕመም የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል እኛም ወደ ሆስፒታል እንልካቸው ነበር። የጨረር ሕክምና በአገሪቱ ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ከሽንዲ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስንቱ እንደሄደ መገመት ይቻላል።

የሚገርመኝ ከእነዚህ ውስጥ ሴቶቹ ጥቂት አለመሆናቸው ነው። በዓለም ደረጃ የምግብ ቧንቧ ካንሰር የወንድ በሽታ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ከተገመቱት ከ600 ሺህ በላይ አዲስ ሕሙማን 70 በመቶ ያህሉ ወንዶች ናቸው። በአውሮፓና በአሜሪካ በሚበዛው፣ ከቧንቧው ታችኛው ጫፍ በሚነሳው ዓይነት ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። ተመራማሪዎች ልዩነቱን ለማስረዳት ሲጋራውና ውፍረቱ ብቻ አልበቃ ስላላቸው ወደ ሆርሞን ዞሩ፤ የሴቷ ኢስትሮጅን ይከላከልላት ይሆን፣ የወንዱ ቴስቶስትሮን ያባብስበት ይሆን እያሉ። ልጅ ያጠቡ እናቶች በዚያ ዓይነቱ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን ያሳዩ ጥናቶችም አሉ።

ይህን ሳነብ የሽንዲ እናቶች ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። ጡት ማጥባት ቢያድን ኖሮ እነሱን የሚቀድም አልነበረም፤ ስድስት ሰባት ወልደው ሁሉንም ያጠቡ ናቸው። ነገር ግን ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ያለውን የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ ሰው በብዛት የሚይዘው ሌላው ዓይነት ነው፤ የቧንቧው ውስጠኛ ሽፋን ሲቃጠልና ሲቆስል የሚመጣው። ከአርሲና ከባሌ ከሚመጡት ሕሙማን መካከል ሴቶቹ ከወንዶቹ ብዙም አያንሱም። ትኩስ ሻይ በሚጠጣበት በኢራኑ ጎለስታንም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አልኮልን ካንሰር አምጪ ብሎታል፤ የእንጨት ጭስንና ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥን ደግሞ ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከሚባሉት ጎራ መድቧቸዋል። አልኮሉና ጭሱ በእናቴ ማድ ቤት ነበሩ፤ በትኩስ መጠጡ ፈንታ ደግሞ ትኩስ ገንፎ ነበረን። ሆርሞን ለሴት የሰጣት ከለላ ካለም፣ የእኛ ምድጃ አስቀርቶባታል ብዬ አምናለሁ።

አረቄ ማውጣት ይቅር አልልም፤ በእሱ ያደገ ሰው እንዲህ ማለት አይችልም። ዛሬም ሽንዲ፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ለምታወጡ እህቶቼ ግን ልመናዬ ይህ ነው፤ ለጭሱ መውጫ ማድ ቤቱን ከላይ ቅደዱለት፣ ገንፎውን ትንሽ አቆዩት። እህል ሁለት ሳምንት አልወርድ ካላችሁ ደግሞ እንጥል ቆራጭ ዘንድ ሳይሆን፣ በጉሮሮ መሣሪያ አስገብቶ የሚያይ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ሂዱ።