ፊርማና አማራጭ
ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ በረዶ ሆኪ ላጫውታችሁ። ካናዳዊው ቦቢ ኦር በ1962 እ.ኤ.አ. ገና በ14 ዓመቱ ለቦስተን ብሩይንስ ፈረመ። ያኔ ልጅ አንዴ ከፈረመ የክለቡ ነው፤ ሌላ የሊጉ ክለብ አይወስደውም። አማራጭ ከሌለህ ታዲያ በምን ትደራደራለህ?

በ1966፣ ኦር 18 ሲሞላው፣ አባቱ ክለቡ ያቀረበው ገንዘብ አነሰ ብለው አለን ኢግልሰን የተባለ ጠበቃ አመጡ። ብሩይንስ ደካማ ቡድን ስለነበር ልጁን አጥብቆ ይፈልገዋል። ጠበቃው ይህን አውቆ ለጀማሪ ያልተለመደ ደመወዝ አስፈረመ። በ1967 የተጫዋቾች ማኅበር ሲመሠረት መሪ የሆነውም እሱ ነው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በ1976 ብሩይንስ ለኦር ከክለቡ ባለቤትነት ከ18 በመቶ በላይ ድርሻ አቀረበ። ኦር እንደሚለው ግን ጠበቃው ይህን አልነገረውም፤ ወደ ቺካጎ ሄደ። ኢግልሰን በ1998 በማጭበርበር ወንጀል ተፈርዶበት ታሰረ።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ አሁን ሥራ የምትጀምሩ ልጆች፦ ተደራዳሪ ያዙ፣ ደግ ነው። የቀረበላችሁን ወረቀት ግን ራሳችሁ አንብቡት። የቀረበለትን የማያውቅ ሰው አማራጭ አለው አይባልም።