ደም ሲመለስ የሚጎዳው አንጀት

አማርኛ ርኅራኄን ያስቀመጠው አንጀት ላይ ነው። ሲያሳዝነን «አንጀቴን በላኝ»፣ ደስ ሲለን «አንጀቴ ራሰ» እንላለን። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ሥጋው አንጀት ነው። ደም ሲቋረጥበት ይጎዳል፤ የሚገርመው፣ ደሙ ሲመለስለትም ይጎዳል።

ነገሩ መጀመሪያ ሲታይ ቀላል ይመስላል። አንጀት ሲጠማዘዝ ወይም ደም ሥሩ ሲደፈን ኦክስጅን ያጣል። ደሙን ከመለስንለት ይተርፋል። ታዲያ ሌላ ምን ይፈልጋል?

በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ኒል ግሬንጀር፣ ጆ ማክኮርድና ባልደረባቸው በድመት አንጀት ላይ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ሱፐርኦክሳይድ የተባለውን ጎጂ የኦክስጅን ዓይነት የሚያከሽፍ ኢንዛይም ሲሰጡ ጉዳቱ ቀነሰ። ይህን የኢንዛይሙን ሥራ በ1969 ለዓለም ያሳወቁት ራሱ ማክኮርድና መምህሩ ኧርዊን ፍሪዶቪች ነበሩ። በ1986 ደግሞ ፓርክስና ግሬንጀር ይበልጥ የሚያስደነግጥ ነገር አሳዩ፦ ለ3 ሰዓት ደም አጥቶ ለ1 ሰዓት ደም የተመለሰለት አንጀት፣ 4 ሰዓት ሙሉ ደም ካጣው የባሰ ተጎድቶ ተገኘ።

ለምን? ደም ሲቋረጥ ሴሉ የኃይል ክምችቱን ይጨርስና ሃይፖዛንቲን የሚባል ትርፍራፊ ይጠራቀማል። ኦክስጅን ሲመለስ፣ በአንጀት ግድግዳ በብዛት ያለው ዛንቲን ኦክሲዴዝ ያንን ትርፍራፊ ሲያቃጥል ሱፐርኦክሳይድ ይወጣል። አመድ የለበሰ ፍም ላይ ነፋስ እንደመንፋት ነው።

ይህን ኢንዛይም የሚያግድ መድኃኒት ግን ቀድሞም ነበር፦ ለሪህ የሚሰጠው አሎፑሪኖል። በ1980ዎቹ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲዎቹ ቤልዘርና ሳውዘርድ ለንቅለ ተከላ የሚወጡ የአካል ክፍሎች በቅዝቃዜ የሚቆዩበትን ፈሳሽ ሲያዘጋጁ አሎፑሪኖልን ጨመሩበት። በዚያው በ1986 ሌሎች ተመራማሪዎች የውሻን ልብ ደም ለ5 ለ5 ደቂቃ አራት ጊዜ እያቋረጡ «አለማመዱት»፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ረጅም መቋረጥ ልቡ በተሻለ ሁኔታ ቻለው። ዘዴው በኋላ በአይጥ አንጀትም ተሞከረ።

ቤተ ሙከራ ውስጥ የሠራው ሁሉ ግን አልጋ ላይ ለተኛ ሕመምተኛ አልደረሰም። እስካሁን አንጀትን ከዚህ ጉዳት የሚያድን፣ በየሆስፒታሉ የሚታዘዝ አንድ መድኃኒት የለም። ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ የትልቁ አንጀት መጠምዘዝ በኢትዮጵያ ለድንገተኛ የሆድ ቀዶ ሕክምና ከሚዳርጉ የታወቁ ምክንያቶች አንዱ ነው። አንጀቱ ጠቁሮ ከሞተ ደግሞ ቀዶ ሐኪሙ ጥምዝምዙን ሳይፈታ ቆርጦ እንዲያወጣው ይመከራል፤ ከተፈታ ውስጡ የታቆረው መርዝ ወደ ደም ይለቀቃልና።

እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፦ ሰዓቱ ራሱ መድኃኒት ነው። ሆዱ ተነፍቶ በብርቱ የሚያመው፣ አየርም ሰገራም አልወጣ ያለው ሰው ቤታችሁ ካለ «እስኪ ይነጋ» አትበሉት። ሌሊትም ቢሆን ውሰዱት።